ደሴ ያለው የድንጋይ መመርመሪያ ቤት፦ ማንነቱን እዚያ፣ ዋጋውን ሌላ ቦታ

ደሴ ውስጥ ኦፓል የሚገዛ ሞልቷል። የሚቆርጥና የሚያለሰልስም አይጠፋም። ድንጋያችሁን ተቀብሎ፣ መዝኖ፣ ለክቶ፣ «ይሄ እንዲህ የሚባል ነው» ብሎ በወረቀት አስፍሮ የሚሰጣችሁ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት ይህን ይሠራል። ስሙን አልጽፍም። ወደ ታች የማማርርበት ጉዳይ ስላለኝ ጸብ አልፈልግም፤ ድንጋይ የሚነግድ ሰው ከጠየቃችሁ ይጠቁማችኋል።

የወሰድነው ድንጋይ ኦፓል አይደለም። የአጎቴ ነው። አጎቴ ወገልጤና ነው የሚኖረው፣ ደላንታ ላይ ኦፓል መውጣት ከጀመረበት ከ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ብር ያበደረው አንድ ሰውዬ ብሩን መመለስ ሲያቅተው ይህን ድንጋይ «በዕዳዬ ያዝልኝ» ብሎ ሰጠው። ርዝመቱ አራት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ፣ ጠፍጣፋ፣ ቁመቱን ተከትሎ ስስ መስመር መስመር ያለው፣ አንዱ ጫፉ የተሰበረ። ቀለሙ ሮዝ ነው፤ ግን ወደ ሐምራዊ ያደላል። ከጎን ስታዩት ገርጣ ያለ ነው፣ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁ በቁመቱ ስታዩት ደግሞ ይደምቃል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ዋጋ አለው።

ባለዕዳው «ከጉጂ፣ ከቀንጢቻ ነው የመጣው» ብሏል። ቀንጢቻ ታንታለም በሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ብረት የታወቀ ቦታ ነው፣ ስለዚህ አባባሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ብቻ ድንጋዩ ወሎ ገባ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ስለ ኦፓል ጠይቁን እንጂ ስለ ሌላው ድንጋይ አብዛኞቻችን የምናወራው በግምት ነው።

ግምቱም ተጀመረ። አንዱ ደላላ በምላሱ አራሰውና ወደ ፀሐይ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካየ በኋላ «ሩቢ ነው» አለ። ሌላው «ሮዝ ኤመራልድ» አለ። ሦስተኛው ነው ጉዱን ያመጣው። ስልኩን አውጥቶ ፔዞታይት የሚባል ድንጋይ ፎቶ አሳየን። በእርግጥ ይመሳሰላል። «በዓለም ላይ ብርቅ ነው፣ በካራት 1,000 ዶላር ይሄዳል» አለና ሂሳቡን እዚያው ስልኩ ላይ ሠራው። 119 ካራት (አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው)፣ ሲባዛ በ1,000። ቁጥሩን ለአጎቴ አሳየው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አጎቴ እንቅልፍ የለውም። ወሬውም ከድንጋዩ ቀድሞ ኩታበርን አልፎ ደሴ ገባ።

ፔዞታይት በእርግጥ ብርቅ ነው። ማዳጋስካር ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 መጨረሻ ነው የተገኘው፣ ራሱን የቻለ ማዕድን ተብሎ የታወቀው ደግሞ በ2003 ነው። የቤሪል ዘመድ ነው፣ ማለትም የኤመራልድና የሞርጋናይት ቤተሰብ፤ ግን ውስጡ ሊቲየምና ብዙ ሲዚየም ስላለው ከእነሱ ይለያል። መጀመሪያ የተገኘበት ጉድጓድ ቶሎ ነው ያለቀው። በኋላ አፍጋኒስታንና ምያንማርም ተገኝቷል፣ ብዛቱ ግን ያን ያህል አይደለም። ንጹህ ሆኖ ከአንድ ሁለት ካራት የሚያልፍ ሲገኝ ሰው ይሻማበታል። እንግዲህ አስቡት፣ ከዚህ ዓይነቱ 119 ካራት አንድ ወጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ድንጋይ ወገልጤና ኪስ ውስጥ ተገኘ ነው የሚባለው። ደስ ይላል። ደስ ስለሚል ነው መጠርጠር የነበረብን።

ሮዝ ቀለም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሮዝ ኳርትዝ አለ፣ ርካሽ ነው። ሞርጋናይት አለ። ሮዝ ቱርማሊን አለ። ኩንዛይት አለ። ሮዶናይትም አለ፤ እሱ ግን ብርሃን አያሳልፍም፣ ጥቁር ጥቁር ሥር ስላለው ወዲያው ይለያል። ሁሉም ሲሊኬት (ሲሊኮንና ኦክስጅን ያለበት ማዕድን) ናቸው ወይም የሲሊካ ወገን ናቸው፣ ፎቶ ላይ ደግሞ ሁሉም አንድ ናቸው። በፎቶ ድንጋይ የሚለይ የስልክ አፕሊኬሽን ያላችሁ፣ በአላህ፣ በማርያም፣ ወዲያ በሉት። የአልማዝ መፈተሻ ተብሎ የሚሸጠው እስክሪብቶ መሳይ ነገርም እዚህ ጋ አይረዳም፤ እሱ የሚለካው ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው።

እና ወደ ቤቱ ሄድን። ደረጃውን ወጥታችሁ ስትገቡ ፊት ለፊት ባንኮኒ አለ፣ አንድ ወጣት ይቀበላችኋል። ከኋላ ደግሞ ጠና ያለው ባለሙያ ይቀመጣል። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፣ የዚህ ቤት ጥሩውም መጥፎውም ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው።

አጎቴ ገና ወንበር ሳይዝ የሰማውን ሁሉ ዘረገፈ። ሩቢ፣ ኤመራልድ፣ ማዳጋስካር፣ ዶላር። ሰውየው በትዕግሥት ሰምቶ «ጋሼ፣ አብሽሩ፣ የሰውን ወሬ እዚያ ጋ ያኑሩትና መጀመሪያ እንመዝነው» አለ።

ሚዛኑ ላይ 23.85 ግራም ሆነ። ከዚያ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ ውሃ ውስጥ ሲያወርደው 16.35 አለ። ልዩነቱ 7.50 ነው። 23.85ን ለ7.50 ስታካፍሉት 3.18 ይመጣል። ይህ ቁጥር ድንጋዩ ከራሱ መጠን ጋር እኩል ከሆነ ውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ነው የሚናገረው፤ ድንጋዩ ትልቅ ሆነ ትንሽ፣ ጥሬ ሆነ የተቆረጠ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ባለሙያው ስሌቱን ወረቀት ላይ እየጻፈ ለአጎቴ አሳየው፣ ይህን ወድጄለታለሁ። ሮዝ ኳርትዝ 2.65 ነው፣ ወደቀ። ሞርጋናይት ከ2.7 እስከ 2.9 ነው፣ ወደቀ። ሩቢ 4 ገደማ ነው፣ ሲጀመርም ሲሊኬት አይደለም፣ ድንጋዩን በምላሱ ያራሰው ሰውዬም አብሮ ወደቀ። ቱርማሊን 3.06 አካባቢ ነው፣ ፔዞታይት 3.1 ገደማ። እነዚህ ሁለቱ ቀረብ ስለሚሉ በሚዛን ብቻ መፍረድ አይቻልም። አጎቴ ፔዞታይት 3.1 መሆኑን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኔ ዝም አልኩ።

ቀጥሎ ሪፍራክቶሜትር መጣ። ይህ ብርሃን ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። ችግሩ ጥሬ ድንጋይ ላይ ለማንበብ ለስላሳና ጠፍጣፋ ገጽ ይፈልጋል። ባለሙያው ሳያስፈቅድ አልነካውም፤ «በተሰበረው ጫፍ በኩል የጥፍር ጫፍ የምታህል መስኮት ላለስልስ?» ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ለብቻው ይከፈላል። ፈቀድን። አለስልሶ፣ መስታወቱ ላይ የሚሸት ፈሳሽ ጠብ አድርጎ፣ ድንጋዩን አስቀመጠና ቀስ እያለ እያዞረ አነበበ። 1.660 እና 1.675። ሁለት ንባብ የመጣው ድንጋዩ ብርሃኑን ለሁለት ስለሚከፍለው ነው፤ ተራ ብርጭቆ ቢሆን አንድ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ፔዞታይት ከ1.60 እስከ 1.62 ባለው ውስጥ ነው የሚያነበው። ቱርማሊን ከ1.62 እስከ 1.64። የእኛው ሁለቱንም ጥሎ አልፏል።

እዚህ ላይ ነገሩ አልቆ ነበር፣ ሰውየው ግን አላቆመም። በሁለት መስኮት በምታሳይ ትንሽ ቱቦ አሳየን፤ አንዱ መስኮት ላይ ሐምራዊ ሮዝ፣ ሌላው ላይ ቀለም የለሽ ለማለት ምንም ያልቀረው። ከጎን ሲታይ ገርጣ፣ በቁመቱ ሲታይ ደማቅ የሚሆነው ለዚህ ነው። መጋረጃውን ዘግቶ የዩቪ መብራት ሲያበራበት ደግሞ ድንጋዩ ብርቱካናማ ሮዝ ሆኖ ፋመ። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሉፕ፣ ማለትም በትንሽ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ ሲያየው በቁመቱ በኩል ንጹህ የመሰንጠቂያ መስመሮች አሉ፣ ዘጠና ዲግሪ ለመሙላት ጥቂት በሚቀረው ማዕዘን የሚገናኙ። ወረቀቱ ላይ ኩንዛይት ብሎ ጻፈ።

ኩንዛይት ማለት ሮዙ ስፖዱሜን ነው። ስፖዱሜን ዛሬ ዓለም ለባትሪ ሊቲየም የሚፈልገው ያው ማዕድን ነው፣ ቀንጢቻም አለ። ሮዙን ቀለም የሚሰጠው ማንጋኒዝ ነው። ለጌጥ መታወቅ የጀመረው እንደ ፈረንጅ በ1902 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከተገኘ በኋላ ነው፤ አሁን ብዙው የሚመጣው ከአፍጋኒስታን፣ ከብራዚልና ከማዳጋስካር ነው። የእኛው ከየት እንደመጣ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። አጎቴ «ቀንጢቻ ብለህ ጻፍልን» ብሎ ሁለት ሦስቴ ወተወተው። ሰውየው «ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን እንጂ የተነገረኝን አልጽፍም» አለ። በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቤቱ ክፍያው ይገባዋል። እነዚህ መሣሪያዎች የድንጋዩን ማንነት እንጂ የወጣበትን ጉድጓድ አያሳዩም፣ ይህን የማይነግራችሁ ቤት ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ምርመራው 800 ብር፣ መስኮት ማለስለሱ 300 ብር ነው የከፈልነው። ተመጣጣኝ ነው እላለሁ። ወረቀቱ ላይ ክብደት፣ ልኬቶች፣ ሁለቱ ንባቦች፣ ፎቶና ውጤቱ አለ። ቀለሙ በጨረር ተጠናክሮ ይሁን አይሁን «አልተወሰነም» ተብሎ ተቀምጧል። ኩንዛይት በጨረር ሊደምቅ ይችላል፣ ያንን ደግሞ ደሴ ባለው ሚዛንና ሉፕ አታገኙትም። ቢደብቀው ማን ያውቅበት ነበር? ጻፈው።

ተራ ስንጠብቅ ያየሁትን ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ ምክንያቱም አብዛኞቻችሁ ይዛችሁ የምትሄዱት ሮዝ ድንጋይ ሳይሆን ኦፓል ነው። ከደላንታ የመጣ አንድ ልጅ ኦፓሉን «ይሄንንም ውሃ ውስጥ መዝንልኝ» አለ። ባለሙያው እምቢ አለው። የእኛ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲገባበት ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል፣ የቀለሙ ጨዋታም ይደክማል፣ ክብደቱም ይጨምራል፤ ስለዚህ የውሃው ሚዛን የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የሪፍራክቶሜትሩ ፈሳሽ ደግሞ ገብቶበት ሊያበላሸው ይችላል። ይህ መጠጣቱ ነው ለአጭበርባሪውም በር የከፈተው፤ ሮዝም ሐምራዊም ቀለም ይነከራል፣ ጢስ አስገብተው ጥቁር ኦፓል የሚያደርጉትም አሉ። ባለሙያው የልጁን ኦፓል በሉፕ አገላብጦ ስንጥቆቹ አካባቢ ቀለም ተጠራቅሞ እንደሆነ ፈለገ። ልጁ ንጹህ ነበር፣ ኦፓሉም።

አሁን ወደ ዋጋ። እዚህ ላይ ነው ከቤቱ ጋር የምንለያየው።

ገና ድንጋዩ ውሃ ውስጥ ሳይገባ ባንኮኒው ላይ ያለው ወጣት ወደ አጎቴ ጠጋ ብሎ «አሁኑኑ ከጨረስን 15,000 ብር» አለ። ልብ በሉ፣ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ወረቀቱ ወጥቶ ኩንዛይት ሲባል ደግሞ 20,000 አደረገው። ርካሽ የሆነው ድንጋይ በምን ተአምር ነው የሚወደደው? ቤቱ ድንጋይ ይመረምራል፣ ድንጋይም ይገዛል፤ የሚመረምረውና የሚገዛው በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቤት የሚወጣ የዋጋ ግምት ላይ እምነት አይጣልም። ባለሙያውን ይህን ስነግረው አልተቆጣም፣ «ልጁን እናገረዋለሁ» ብሎ አለፈው። እሱ ራሱ ዋጋ በጽሑፍ አይሰጥም። ዋጋ እንዴት እንደሚታሰብ ግን ተቀምጦ አስረዳን፤ እውነቱን ለመናገር ከምርመራው ይልቅ የጠቀመን ይህ ነው።

የደላላው 119 ሲባዛ በ1,000 የተበላሸው ስሙ ስለተሳሳተ ብቻ አይደለም። ስሙ ትክክል ቢሆን እንኳ ጥሬ ድንጋይ በተቆረጠ ድንጋይ ዋጋ አይባዛም። ከእኛው 119 ካራት ውስጥ ተቆርጦ ንጹህ 25 ወይም 30 ካራት ቢወጣ «አልሐምዱሊላህ በሉ» አለን፤ በመሃሉ የሚያልፍ ስንጥቅ ስላለ ለሁለት መከፈሉ አይቀርም። ኩንዛይት ደግሞ ለቆራጭ ክፉ ነው። በሁለት አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ጥንካሬው ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ ከ6.5 እስከ 7 ነው፣ ኦፓል ሲያለሰልስ የኖረ ሁሉ ልሞክረው ቢል መንኮራኩሩ ላይ እንደ ደረቀ እንጨት ይፈለጣል። ቀለሙ የሚደምቀው በቁመቱ ሲታይ ስለሆነ የፈርጡ ፊት ወደዚያ መዞር አለበት፤ እንዲያ ሲቆረጥ ግን ብዙ ክብደት ይባክናል። ክብደት ለማትረፍ ብሎ በጎኑ የሚቆርጥ ሰው ትልቅ ግን የገረጣ ድንጋይ ያስረክባችኋል። እንዲህ ዓይነቱን ማንም አይፈልገውም።

ከዚያም መጠኑ። ሩቢና ኤመራልድ ሲተልቁ የካራት ዋጋቸው ይዘላል፣ ትልቅ ስለማይገኝ ነው። ኩንዛይት ትልቅ ሆኖ መውጣቱ ብርቅ አይደለም፤ ዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ውስጥ 880 ካራት የሚመዝን የተቆረጠ የብራዚል ኩንዛይት አለ። ስለዚህ ዋጋውን የሚወስነው ቀለም ነው። የገረጣው በካራት ጥቂት ዶላር ነው። ደማቁ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ፔዞታይት በመቶዎች ቢያወጣ ይሄኛው እዚያ አይደርስም።

ደላሎች ሲከራከሩ የሚያመጡት ሌላ ታሪክም አለ፣ ሳትሰሙት አትቀሩም። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለባለቤቱ የገዛው 47 ካራት የኩንዛይት ቀለበት እንደ ፈረንጅ በ1996 ኒውዮርክ ጨረታ ላይ ከ400,000 ዶላር በላይ ተሸጧል። እውነት ነው። የተሸጠው ግን የኬኔዲ ስም ነው፤ ድንጋዩ አብሮ ሄደ። የአጎቴ ባለዕዳ ኬኔዲ አይደለም።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከደላንታ ገደል ድንጋይ ፈልፍሎ የሚያመጣው ሰው ያንን አያነበውም። ወረቀቱን ይዞ ለማን ሊሄድ ነው? ለደላላ። ደላላው ደግሞ የፈለገውን ያነብለታል። አጎቴን ራሱን አንዱ «እዚህ ላይ ፔዞታይት ይላል» ሊለው ሲል አብሬው ስለነበርኩ ነው ነገሩ የተቋረጠው። አንድ መስመር አማርኛ፣ የድንጋዩ ስምና ክብደቱ ብቻ፣ ምን ያስቸግራል? ለባለሙያው ነግሬዋለሁ፣ «ይታሰብበታል» አለ። ይታሰብበታል ሲባል ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ነው።

ሌላው የፀሐዩ ነገር ነው። ኩንዛይት ኃይለኛ ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት ቀለሙ ይገረጣል። መስኮት ላይ ደርድሮ ለወር ለሁለት ወር ደንበኛ መጠበቅ አይቻልም። ባለሙያው ይህን በቃል ነግሮናል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። እኛ ሰማን፣ ነገ ከእኛ የሚገዛው ሰውስ? ቀለሙ የዋጋው ዋና ነገር ሆኖ ሳለ ይህች ማስጠንቀቂያ መቅረቷ ልክ አይደለም። ሰው ሰምቶ ድንጋዩን በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ወይም በእንፋሎት እንዳያጸዳውም መጻፍ ነበረበት፣ ስንጥቁን ያሰፋበታል።

ደረሰኛቸውም ደካማ ነው። ድንጋይ አሳድራችሁ ብትሄዱ የሚሰጧችሁ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ናት። ክብደት የለባትም፣ ፎቶ የለባትም። እኛ አላሳደርንም፣ ከጎናችን የነበረች ሴት ግን ክብደቱ ይጻፍልኝ ብላ ስትከራከር ልጁ ፊቱን አጠቆረባት። ጻፈላት በመጨረሻ። እናንተም አስጽፉ፣ ፊቱ ቢጠቁር ይጥቆር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ይህ የእነሱ ጥፋት ስላልሆነ አልቆጥርባቸውም።

ዋጋውን እኛ የጠየቅነው አዲስ አበባ ነው። ወረቀቱን፣ በጥላ ሥር በቀን ብርሃን የተነሳ ፎቶና ድንጋዩን በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳይ ቪዲዮ ላክን፤ ለሁለት የተለያዩ ቆራጮች፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። ሁለቱም መጀመሪያ የጠየቁት ክብደቱን ሳይሆን በቁመቱ ሲታይ ያለውን ቀለም ነው። የሰጡት ግምት ልጁ ካለው 20,000 ይበልጣል፣ ደላላው ካሰላው ጋር ግን አንድ አገር ውስጥም አይደለም። አጎቴ ገና አልሸጠም። «ቆርጠን እንሽጠው ወይስ በጥሬው?» ክርክር ላይ ነን፤ እኔ በጥሬው ይሂድ ባይ ነኝ፣ ኩንዛይት በደንብ የሚቆርጥ እጅ እስኪገኝ ድረስ ስንጥቁን ይዞ መቀመጥ አይጠቅምም።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ለጁምዓ ዝግ ነው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብትደርሱ ወረፋ የለም። ድንጋዩን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ አጥባችሁ አድርቁት፣ ኦፓል ከሆነ ግን አታርጥቡት፣ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት ይበቃል። በፋይልና በምስማር ጠንካራነቱን ልሞክር ብላችሁ አትቧጭሩት። ደላላ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቀብቶ ያስረከባችሁ ከሆነ ደግሞ ሳይመዝነው በፊት ለባለሙያው ንገሩት፣ ቅባቱ ስንጥቅ ይደብቃል፣ ሚዛኑንም ያዛባበታል።